ገበቴው አይድረቅ

አያ ታረቀኝ ማረፋቸውን የሰማሁት በተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ነሐሴ ነበር። የፎገራ ሜዳ በውሃ ተሞልቶ ከቁሐር ሚካኤል ወረታ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። አንድ የቁሐር ገበሬ እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ በራፌ ላይ ቆመና ግባ ብለው እንኳ ሳይገባ ነገረኝ። እኔም ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ምን አገኛቸው፣ መቼ ታመሙ አላልኩም።

«ማን ተሸከማቸው?» አልኩት።

ግር ብሎት አየኝ። «ማን ይሸከማቸዋል? ማኅበሩ ነዋ። አያ ይግዛው በዚያ ሽምግልናው ከፊት ሆኖ ነው የተሸከመ» አለኝ።

ያን ጊዜ እደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰውየው ከብብቱ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ አጠገቤ አኖረልኝና፣ ለእኔ እንዲሰጥ አደራ ብለውት እንደሞቱ ነገረኝ። ሲፈታው አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ አሮጌ የእንጨት ገበቴ ነው። ይህ የውሻ መጠጫ አልነበረም ወይ፣ ለምን ለአንቺ ብለው ይናዘዙታል እያለ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ያን ዕለት አልመለስኩለትም። ዛሬ ግን እኔም አርጅቻለሁ፤ የሚቀየመኝ ሰውም ከአፈር በታች ነው፤ ልናገረው።

አያ ታረቀኝ ሸማኔ ነበሩ። ትውልዳቸው ከወደ ጋይንት ሲሆን ቁሐር የመጡት ሚስታቸውን እማማ ጥሩን ተከትለው ነው። ያኔ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሩዝ የሚባል ነገር አገራችን አያውቅም፤ ጤፍና ጓያ፣ ከዚያ ቀጥሎ ከብት ነው። መሬትና ከብት የሌለው ሰው ደግሞ ሰው ተብሎ ሲቆጠር እየተመነታ ነው። ጥምቀት ሲደርስ አገሩ ሁሉ የአያ ታረቀኝን ጋቢ ለብሶ ይወጣል፤ ጋቢውን ሲያወልቅ ግን ያ ሸማኔ ይላቸዋል። የወር በወር የሚካኤል ማኅበር የተቀበላቸው ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ፣ እሱም በማኅበሩ አባት በቄስ ሞገስ አማላጅነት ነው። እማማ ጥሩ ሳይወልዱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ለአያ ታረቀኝ ወገን ማለት ያ ማኅበር ነበር። ልጅ የሌለው ሰው ማኅበርም ከሌለው ማን ይቀብረዋል?

እኔ አጥራቸው አጠገብ ተድሬ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። ባሌ የማኅበሩ አባል፣ አማቴ ደግሞ የአካባቢው የጠላ ጠማቂ አውራ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ፈትል ላደርስ አያ ታረቀኝ ዘንድ ተላክሁ። ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነውና፣ ከመሬት ብቅ ያለ ግማሽ ሰው አየሁና ደነገጥኩ። እሳቸውም አይተውኝ፣ «አይዞሽ፣ የቀረው ግማሼም አለ። ይኸ አገር ከወገቤ በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቅ» አሉኝ።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። ጥያቄ ከጠየቃቸው ሰው ፊት መወርወሪያውን ሦስት ጊዜ ሳይወረውሩ መልስ አይሰጡም። ወዲያ፣ ወዲህ፣ እንደገና ወዲያ፤ ከዚያ ይናገራሉ። ሥራ ላይ ካልሆኑም ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። አማቴ በዚህ በጣም ትናደድባቸው ነበር፤ የእሷ ነገር ከአፍ ወጥቶ አፋፍ የሚደርስ ነውና። እኔ ግን ወደድኩት። ከሦስት ውርወራ በኋላ የሚመጣ ቃል ሰውን ሲያቆስል አላየሁም።

ከጉድጓዱ አፋፍ ደግሞ መቻል ይተኛል። መቻል ውሻቸው ነው፤ ቀይ፣ አፉ የሸበተ። ስሙን ያወጡለት እማማ ጥሩ ናቸው ይባላል፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ አገሩ የዘራውን ሁሉ በወሰደበት ዓመት የመጣ ቡችላ ነው፤ «መቻል ነው እንግዲህ» ብለው ስሙ በዚያው ጸና። እኔ ስደርስ ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው የሚሉም፣ ከዚያም በላይ ነው የሚሉም ነበሩ።

ይህ ውሻ ለአገሩ ያደረገውን መናገር አለብኝ። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ መንገድ የለውም። ውሃው ሁሉንም አንድ ያደርገዋል፤ ጠንካራው መሬት የቱ እንደሆነ፣ ሰውን እስከ ወገቡ የሚውጠው ዋልካ የቱ እንደሆነ ዓይን አይለየውም። መቻል በእግሩ ይለየው ነበር። አያ ታረቀኝ የሸመኑትን በቆዳ ጠቅልለው፣ በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወረታ ገበያ ሲሄዱ ውሻው ከፊት ከፊት እየረገጠ ይመራቸዋል፤ መሬቱ ሲከዳው ይመለሳል፤ ጠንካራ ሲያገኝ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ በሰልፍ ይከተላል። የማኅበሩ ሹም፣ ሙሴ የምንለው አያ ይግዛው ሳይቀር፣ ያን ሁሉ ኩራቱን ይዞ ውሻ ወደ ረገጠበት ይረግጥ ነበር።

እንግዲህ መቻል አረጀ። ሲያረጅም ያልታየ ነገር አመጣ፤ ውሃ። ጠዋት አንድ ገበቴ ሙሉ ጭልጥ ያደርጋል፤ ፀሐይ ከፍ ሳትል ሌላ ይጠይቃል። ይበላል ግን ይከሳል። በኋላ ደግሞ ተኝቶ ሳለ ከሥሩ ይርሳል፤ ሲነቃ ያየውና አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይይዛል። ለመውጣት ሞክሮ ከበሩ ሳይደርስ የሚያመልጠው ጊዜም ነበር። ሰዎች፣ ጣናን ሊጨርሰው ነው እያሉ ይስቁ ጀመር። አንድ ቀን በበጋው አንገቱን አንጠልጥሎ፣ ምላሱን ጥሎ፣ እየተንገዳገደ ወደ ወንዝ ሲወርድ ያዩት ሰዎች እብድ ውሻ ብለው በትር አነሡ። አያ ታረቀኝ ደረሱና ገበቴውን በውሃ ሞልተው ፊቱ አስቀመጡለት። ድምፁን እያሰማ ጨረሰው።

«ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል። ይኸን ውሃ ነው የሚጠራው። በትራችሁን አስቀምጡ» አሉ። ሰዎቹ አፍረው ተበተኑ።

እሳቸው ግን ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። መኝታውን ከጉድጓዱ አፋፍ ወደ በሩ አቀረቡለት። ገለባውን በየዕለቱ ይለውጣሉ፤ በረጠበው ላይ አመድ ይነሰንሱና ጠርገው ያወጣሉ። አንድ ክንድ ሸማ ሸምነው በጨረሱ ቁጥር ጉልበታቸውን ደግፈው ከጉድጓድ ይወጡና መቻልን እደጅ ያደርሱታል፤ ሸንቶ ሲመለስ ተመልሰው ይገባሉ። በቀን ስንት ጊዜ መሰላችሁ! ሥራቸው በግማሽ ቀነሰ። አማቴ ለውሻ ደንገጡር የሆነ ሰው አየሁ እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እኔም አንድ ቀን፣ ውሃውን ቢቀንሱለት አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መወርወሪያው ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

«እንስራሽ ቢያፈስ ምን ታደርጊያለሽ? መቅዳት ትተያለሽ?»

«አልተውም።»

«እሱም እንደዚያው ነው። ስለሚጠጣ አይዶለም የሚያፈስ። ስለሚያፈስ ነው የሚጠጣ።»

እሺ አልኩ እንጂ አልገባኝም። ቢገባኝ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልተናገርኩት ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ቁርጥማቱ ጸናባቸው። የጉድጓዱ እርጥበት ጉልበታቸውን ዘልቆት ነበርና፣ ቄስ ሞገስ ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃው ውስጥ ሁለት ሳምንት እንዲዘፈቁ መከሯቸው። መቻል ያን ያህል መንገድ አይችልም። ስለዚህ ማለዳ መጥተው ገበቴውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ቢሸና አትቆጪው፤ አመድ ጣይበት። ቢበላም ባይበላም ግዴለሽም። ገበቴው ብቻ አይድረቅ» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዳሉኝ አደረግሁ። ግን ግንቦት ነው፤ የቅርቡ ጉድጓድ ደርቆ ውሃ የምንቀዳው ርብ ወርደን ነው። በዚያ ላይ ለሰኔ ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ስለሆነ ለጠላው ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። እንስራ ተሸክሜ በመጣሁ ቁጥር አማቴ በዓይኗ ትለካኛለች፤ አንዱ ለጌሾ፣ አንዱ ለታረቀኝ ውሻ ትላለች። መቻልም ብቻውን መሆን ስላልለመደ እኛ ቤት ገብቶ ምድጃ አጠገብ ይተኛል፤ ይተኛና ያረጥባል። ስድቡ ለእኔ ነው። ሙሽራ ደግሞ ስድብ የምትመልስበት አፍ የላትም።

ያኔ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ካልጠጣ አይሸናም አልኩ። ጠዋት አንድ ጣሳ ሰጥቼው ገበቴውን በእሳቸው ደጅ ደፍቼ ተውኩት። በመጀመሪያው ቀን ወለሉ ደረቅ ዋለ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሁለተኛው ቀን መቻል እስከ ጌታው ደጅ ሄዶ ገበቴውን በአፍንጫው ገልብጦ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ተመልሶ ፊቴ ቆመ። አልጮኸም። ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። በሦስተኛው ቀን የእንስራውን ላብ ሲልስ አገኘሁት። እስከ ነገ ልታገሥ፣ አያ ታረቀኝ ሊመጡ ነው አልኩ። እሱ ግን አልታገሠም።

በአራተኛው ቀን አማቴ ጮኸች። ሮጬ ስገባ መቻል በኋላ እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ለማኅበሩ የተደፈደፈው ጋን ውስጥ ከትቶ ይጠጣል። ለበዓሉ የቀረው ሁለት ቀን ነው። አማቴ በቅርብ ያገኘችውን እንጨት ይዛ ስትመታው ጋኑን ይዞት ወደቀ። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ የስንት ቀን ድካም፣ የሚካኤል ጠላ ምድር ላይ ፈሰሰ። ውሻውም በዚያው ላይ ሸንቶ እያነከሰ ወደ ጌታው ቤት ሸሸ።

በማግስቱ ማለዳ አያ ታረቀኝ ከወንዛዬ ገቡ። እንስራዬን ይዤ ገበቴውን ልሞላ በአጥሩ ብሾልክም ቀድመውኛል። ተንበርክከው ከመንገድ ይዘውት ከመጡት ቅል ገበቴው ላይ ውሃ ያፈሳሉ፤ መቻል ይጠጣል፤ እሳቸው የተመታ ወገቡን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ቀና ብለው እኔንም እንስራዬንም አዩ።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ የዝና?» አሉኝ። እንስራዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ማኅበሩ የተበላው ከጎረቤት በተለመነ ጠላ ነው። ቄስ ሞገስ ጸሎቱን አድርሰው ጽዋው ተቀመሰ። የማያውቅ እንዳይቸገር፣ ጽዋ የምንለው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የማኅበሩ ዋንጫ ነው፤ ባለተራው ቤቱ ወስዶ ወሩን ሙሉ በክብር ያኖረዋል፤ በወሩ በዓሉን ደግሶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የሚቀጥለው አያ ታረቀኝ ነበሩ። እኔና አማቴ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። አያ ይግዛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታረቀኝ፣ ተራው ያንተ ነው። ነገር ግን ጽዋው ውሻ ከሚሸናበት ቤት አያድርም። ወይ ውሻው ይወጣል፣ ወይ ጽዋው ያልፍሃል።»

ጽዋ ያለፈው ሰው ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ደጅ ጠንተው ያገኙት፣ የሚቀብራቸው ወገን፣ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ። በጓዳው ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ይህን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። ውሻው አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ አራት ቀን ውሃ ከልክዬው ነው ማለት ነበረብኝ። እጄ ማጥለያው ላይ ነበር፤ አማቴ ክንዴን ተጠግታ ቆማለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ የዚያን ዕለቱ ዝምታዬ ውስጤ ሲነቅዝ ነው የኖረው።

«ውሻው ይወጣል» አሉ አያ ታረቀኝ።

ሁሉም ተነፈሰ። አያ ይግዛው እንኳ ለስለስ ብሎ፣ ልብህ እንቢ ካለህ ሰው ልላክልህ አላቸው። አይ፣ እኔው አወጣዋለሁ ብለው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ራሳቸውን ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ በዚያ ቀን እህል አልበላሁም። እንደማይገድሉት አውቃለሁ፤ ሜዳ ላይ ግን ጅብ አለ፣ ዝናቡም ጀምሯል፤ የወጣ ሽማግሌ ውሻ አንድ ሌሊት አያድርም።

በማግስቱ በአጥሩ ሳይ አያ ታረቀኝ የቤታቸውን ዕቃ ያወጣሉ። መጀመሪያ መቻልን በክንዳቸው አቅፈው ጥግ ላይ ወዳለች ባዶ የጥጃ ቤት አስገቡት። ቀጥሎ አጎዛቸውን አመጡ። ቀጥሎ የሽመና ዕቃቸውን እየፈቱ አንድ በአንድ። የጥጃ ቤቷን ጣራ በደንገል ደራረቡላት። ጉድጓድ ቢቆፍሩ ውሃ ስለሚሞላ አፈር ከምረው ከፍ ያለ መደብ ሠሩና ከላይ ተቀመጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰው ሆነው ሲሸምኑ አየኋቸው። ትልቁን ቤት ጠርገው፣ ወለሉን በእበት ለቅልቀው፣ ጽዋውን ብቻውን ትተውት በሩን ገርበብ አድርገው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመቻልን ውሃ እኔ አመላለስኩ። ማንም አላዘዘኝም። አማቴ ብትናገርም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰማኋትም። ዝናቡ ሲወርድ በዚያች ጠባብ ቤት ሽማግሌውና ውሻው ትከሻ ለትከሻ ይሆናሉ፤ ጣራው ሲያፈስ አያ ታረቀኝ ሸማውን እንጂ ራሳቸውን አይሸሽጉም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበቴውን ሞልቼ ልሄድ ስል እግሬ እምቢ አለኝ።

«አያ ታረቀኝ፣ መቻል ጋኑን የደፋው በእኔ ጥፋት ነው። ውሃ ከልክየው ነበር።»

መወርወሪያው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ወዲያ ሄደ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስመለስ ገበቴው ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታበት ነበር።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው እንዲያ ሲልዎ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ምን ይሆናል? አንች ገና ሙሽራ ነሽ። እኔ ከአንድ ቤት ብወጣ ሌላ ቤት አለኝ፤ ይኸው። አንች ከዚያ ቤት ብትወጪ ወዴት ትገቢያለሽ?»

ልናገር፣ ዛሬውኑ ለአማቴም ለአያ ይግዛውም ልንገር ብዬ አለቀስኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለሰው ግን አትንገሪ፣ የተደፋ ጠላ በወሬ አይታፈስም አሉ። ከዚያ ገበቴውን በዓይናቸው አመለከቱኝ፤ ለካ በዚህ መሀል መቻል ጨርሶታል። «ይልቅ ሙዪው» አሉኝ።

ሐምሌ ሚካኤል ደረሰ። ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ አማቴም ለሚካኤል ከሆነ ብላ መጥታ አገዘችኝ። ማኅበርተኛው ጋቢውን እንደተከናነበ በዝናብ መጣ። ገብተው ሲቀመጡ ባለቤቱ የሉም። ደጅ ላይ፣ የጣራው ጠፈጠፍ በሚወርድበት ቆመዋል። ቄስ ሞገስ፣ ታረቀኝ ግባ እንጂ፣ ባለቤት እደጅ ይቆማል ወይ አሏቸው።

«ልብሴ ውሻ ውሻ ይላል አባቴ። ቤቱን ለጽዋው ለቅቄለታለሁ። ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

አያ ይግዛው ግንባሩን ቋጥሮ፣ «ውሻውን አወጣለሁ ብለህ አልነበር?» አለ።

«አውጥቻለሁ። ብቻውን ይወጣል አላልኩም።»

ከመካከላቸው በክረምት የወረታን መንገድ ከመቻል ኋላ ያልሄደ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያን ያሰቡ ይመስለኛል። ቄስ ሞገስ ጸሎቱን አድርሰው ሲጨርሱ ጽዋውን ለሙሴው አልሰጡም። ይዘውት በመካከላቸው አለፉና ደጅ ወጥተው፣ ዝናቡ በጥምጥማቸው ላይ እየወረደ፣ መጀመሪያ አያ ታረቀኝን አቀመሷቸው። ሁሉም ተነሣ። አያ ይግዛውም ተነሣ። ወጥቶ ሲሄድ በጥጃ ቤቷ በር ቆመና መቻል ሲጠጣ ብዙ አየው። «ይኸ ሁሉ ውሃ ወዴት ይገባል በይ?» አለኝ፤ እኔ ልሞላለት ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ማኅበር ውስጥ ሸማኔው የሚል ቃል አልሰማሁም፤ አያ ታረቀኝ ነበሩ።

መቻል ጳጉሜን ሳያይ፣ ነሐሴ ሲያልቅ ሞተ። ተኝቶ፣ ራሱ በገበቴው ጠርዝ ላይ። አያ ታረቀኝ ሳያለቅሱ ቀበሩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሸማቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ዱላ ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ገና ቀትር ሳይሆን ተመለሱ። እስከ ደረታቸው ጭቃ ናቸው፤ ሸማውም ጭቃ ነው። ውሃ ልሰጣቸው ብሮጥ አጥሩ ሥር ተቀምጠው፣ «መንገዱ ጠፋኝ፣ የዝና» አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀሱ። ሽማግሌ እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

እኛ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወረታ ገባን። በበጋ ለገበያ ሲመጡ ቤቴ ይገባሉ፤ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፤ በሦስት ትንፋሽ ይጠጣሉ፤ ጥቂት እናወራና ይሄዳሉ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ክረምት ክረምት አይመጡም ነበር። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ በክረምት ብሄድላቸው ኖሮ እላለሁ። ያንን ውሃ የሚያሻግር ጠፍቶ መርዶው ዘገየብኝና በዚያ ነሐሴ ለቀብራቸው እንኳ አልደረስኩም።

የልጅ ልጄ የከብት ሐኪም ሆኗል። ስለ መቻል ብነግረው ሳቀና፣ ያረጀ ውሻ ኩላሊቱ ሲደክም ወይም ስኳር ሲይዘው እንዲያ ነው፣ ሰውነቱ ውሃ መያዝ ስለሚያቅተው ነው የሚጠጣው፣ ውሃ መከልከል ደግሞ እሱን መግደል ነው አለኝ። አያ ታረቀኝ ይህን ያወቁት ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ዝም ብለው እያዩት ነው። እኔም አሁን ስኳር ይዞኛል። ጥሙን አወቅሁት። ምላስ ከላንቃ ሲጣበቅ፣ የጠጡት ሁሉ የትም ሳይደርስ ሲቀር፣ ደግሞም ወደ ደጅ ሳይደርሱ ማፈር ምን እንደሆነ አወቅሁት። ልጄ ከሰዓት በኋላ ጆጉን ከአጠገቤ ታነሣዋለች፤ እማ፣ እንዳትቸገሪ ብዬ እኮ ነው ትላለች። ለደግነቷ ነው። አልቆጣትም፤ መልሺው እላታለሁ፤ ትመልሰዋለች።

ገበቴው በራፌ ላይ ነው። የመንገዱ ውሾች፣ የባጃጅ ጡሩምባ ያሰለቻቸው፣ እየመጡ ይጠጡበታል። ስንጥቁ እየሰፋ ስለሄደ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ትናንት ልጄ ደርቆ አየችውና፣ ይህን አሮጌ ነገር እንጣለው፣ እኛ እኮ ውሻ የለንም አለችኝ።

ጣቴ ጉልበቴ ላይ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ወዲያ ሄደ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሙዪው።»